ክር ያስገባል እኮ!

አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። ደሴ አራዳ፣ በተከራያት ጠባብ በረንዳ ላይ በአንዲት የሲንጀር መኪና ሦስት ልጅ አሳድጓል። የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ስለዚህ ክር ማስገባት የኔ ሥራ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ገና ሳላስቀምጥ «ነይማ እስቲ፣ ይቺን ክር» ይለኛል። የክሩን ጫፍ በምራቄ አርጥቤ፣ በጣቶቼ አሹዬ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ሹልክ አደርግለታለሁ። እሱ ራሱ ሲሞክር መርፌውን ክንዱ እስኪያልቅ ወደ ፊት ይዘረጋል፣ አንገቱን ደግሞ ወደ ኋላ ይስባል። ክሩ በመርፌው ግራ ያልፋል። እንደገና ይሞክራል። አሁን ደግሞ በቀኝ ያልፋል። ያኔ 40 ዓመት ቢሞላው ነው።

አንድ ቀን ይዞኝ ሰኞ ገበያ ወረደ። መሬት ላይ በተነጠፈ ሸራ መነጽር የሚሸጥ ሰውዬ ነበር። አባባ ኮቱ ክፈፍ ላይ ሁሌም አንድ መርፌ ሰክቶ ነው የሚሄደው። መርፌዋን ነቀለ፣ ከኪሱ ክር አወጣ፣ ቁጢጥ አለ። የመጀመሪያውን መነጽር አደረገ፤ ክሩ አልገባም። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም ሞከረ። አራተኛው ላይ ገባ። ሰውዬው ራሱ አጨበጨበ። ገንዘቡ ተከፈለ፣ እኔም ከሥራ ተባረርኩ።

እስከዚህ ድረስ ምንም ክፋት የለውም። ወደ 40 ሲጠጉ የቅርብ ነገር መደብዘዙ በሽታ አይደለም። ዓይናችን ውስጥ ያለችው ሌንስ በልጅነት ለስላሳ ናት፤ ቅርብና ሩቅ ለማየት ቅርጿን ትቀያይራለች። ዕድሜ ሲገፋ እየጠነከረች ትሄዳለች። ሀብታሙም ድሃውም፣ ቄሱም ሼኩም ተራው ሲደርስ ክንዱን መዘርጋት ይጀምራል። እኔም ዘንድሮ ጀምሬያለሁ። የስልኬን ፊደል ሳሳድግ የመሥሪያ ቤት ልጆች ይስቁብኛል። ለዚህ ችግር የገበያ መነጽርም ቢሆን ያገለግላል። ነገር ግን ሸራ አንጥፎ መነጽር የሚሸጥ ሰው የዓይንን ውስጥ አያይም። አባባ መነጽሩ በተሰበረ ቁጥር ወደዚያው ሸራ ተመለሰ። 26 ዓመት ሙሉ አንድም ባለሙያ ዓይኑን አላየለትም። ስለ ዓይኑ የሚጠይቀን ሲኖርም የቤታችን መልስ አንድ ነበር። «ክር ያስገባል እኮ!»

ታዲያ ይሄ ክር የሚያስገባ ሰውዬ የቡና ስኒ መድፋት ጀመረ። እማዬ ስኒውን በቀኙ በኩል ታስቀምጥለታለች፤ እጁን ሲያነሳ ይገለበጣል። አንዴ ሁለቴማ ማንም ያደርገዋል። በኋላ ግን በየሳምንቱ ሆነ። የበሩን መቃን በትከሻው መግጨት መጣ። ፒያሳ ላይ ከጎን የመጣ ባጃጅ ለጥቂት ሳተው። ሹፌሩ «አባት፣ አያዩም እንዴ?» ብሎ ጮኸበት። አባባ ተናዶ ቤት ገባና «ከየት እንደመጣ እንጃ!» አለ። ይቺን አነጋገሩን በኋላ ብዙ ጊዜ አስቤባታለሁ። እውነቱን ነበር፤ ከየት እንደመጣ አላየም።

እማዬ «አንተ ሰውዬ፣ ልብህ የት ነው ያለው?» እያለች ትቆጣው ነበር። እኛ ልጆቹ ደግሞ «አባባ ጃጀ» ብለን ስቀናል። ማታ ለዒሻ ሶላት መስጊድ መሄድ ሲተውም እርጅና መሰለን። ቀን ቀን ያው ቁልፍ ይተክላል፣ ይዘመዝማል፣ ክር ያስገባል።

እኔ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅ ነው፤ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ሲጨርሱ ሙቀቱም አቧራውም የሌላ አገር ነው። (ደሴ ላይ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ የተሳፈረ ሰው ኮምቦልቻ መናኸሪያ ሲደርስ በክንዱ ይዞት ይወርዳል።) ልጄ ሦስተኛ ክፍል እያለ በበጋው ዓይኑን ማሸት አበዛ። ያሳክከዋል፣ ይቀላል፣ ጠዋት ጠዋት እንደ ክር የሚሳብ ነጭ ዓይናር ይወጣዋል። ሰፈራችን ወዳለ ፋርማሲ ሄድኩ፤ ስሙ ይቅር። ሻጩ ልጄን ሳያየው ከመደርደሪያው ትንሽ ጠርሙስ አንስቶ «በቀን አራት ጊዜ» አለኝ። በማግስቱ ማሳከኩ ቆመ። ተአምር ነው አልኩ።

ጠብታዋ ስታልቅ ያሳክከዋል። ስገዛ ይተወዋል። እንዲህ እያልን 7 ወር ቆየን። ለጎረቤቶቼም አወራሁ። ቢያንስ ሦስት እናቶች በኔ ምክር «ያቺን ጠብታ» ገዝተዋል። ይህን ስጽፍ ፊቴን ይሞቀኛል።

ዓይን ሐኪም ዘንድ የወሰደን ማሳከኩ አይደለም። መምህርቷ ናት። «ሰሌዳ ሲያነብ ዓይኑን ያጨነቁራል፣ መነጽር ሳያስፈልገው አይቀርም» ብላ ላከችብኝ። አላህ ይስጣት። መነጽር አስፈልጎታል፤ ግን ነገሩ እዚያ አላበቃም። ሐኪሟ «የሚጠቀመው መድኃኒት አለ?» ስትለኝ ጠርሙሷን ከቦርሳዬ በኩራት አወጣሁ። አገላብጣ አየቻት። «ዴክሳሜታዞን» አለች። «ማን አዘዘልሽ?»

ዝም አልኩ። በቀን ስንት እናት እንደዚህ ዝም እንደምትልባት እንጃ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዴክሳሜታዞን ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች አንዱ ነው። ስቴሮይድ ያለበት ጠብታ ማሳከክንና መቅላትን ቶሎ ያጠፋል። በሐኪም እጅ ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ከቀዶ ሕክምና በኋላም ይታዘዛል። ያለ ክትትል ለወራት ሲወሰድ ግን አንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ግፊትን ከፍ ያደርጋል፤ ግፊቱ ደግሞ የዓይንን ነርቭ ይጎዳል። የዓይን ሞራም ሊያመጣ ይችላል። ዓይኑን ያቀላው ቫይረስ ወይም ፈንገስ ከሆነ ደግሞ ያባብሰዋል። የልጄ ግፊት ሲለካ 29 ሆነ። ደህና የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 21 ያለው ነው። 7 ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ «አመመኝ» አላለኝም።

ጠብታዋ ቆመች። ከሳምንታት በኋላ ግፊቱ ወደ 16 ወረደ፣ ነርቩም አልተነካም። ተርፈናል። ለማሳከኩ ስቴሮይድ የሌለበት የአለርጂ ጠብታ ታዘዘለት። ቀዝቃዛ ውሃ የነካ ንጹሕ ጨርቅ፣ ባለ ጥላ ኮፍያ፣ «አትሸው!» የሚል የማያልቅ ጭቅጭቅም ተጨመረ። ሦስቱንም እናቶች በየቤታቸው ሄጄ ነገርኳቸው። አንዷ አላመነችኝም። «ልጄንማ አድኖታል» አለችኝ። ምን ልበላት? እኔም ከወር በፊት እንደዚያ ነበርኩ።

ያን ቀን ሐኪሟ ካርዱ ላይ እየጻፈች እግረ መንገዷን «በቤተሰብ ውስጥ ግላኮማ ያለበት አለ?» አለችኝ።

«የለም።»

«ዓይኑ የጠፋ? ዕቃ የሚገጭ? ሲመሽ መንገድ የሚቸግረው?»

ስኒው ትዝ አለኝ።

አባባን ሐኪም ቤት ማድረስ የሁለት ወር ሥራ ነበር። «ምኔን ነው የምታሳክሚኝ? ክር አስገባለሁ እኮ!» በመጨረሻ የሄደው ለልጄ ብሎ ነው። የልጅ ልጁ «አያቴ፣ እኔም ታይቻለሁ፣ አያምም» አለው። ልጅ ፊት መፍራት ደግሞ አይሆንም።

መጀመሪያ ገበታው ላይ ያሉትን የእንግሊዝኛ «ኢ» (E) ፊደሎች እንዲያሳይ ተጠየቀ። እግሮቻቸው ወደየት እንደዞሩ በእጁ እያመለከተ ከላይ እስከ ታች ወረደው። ዞር ብሎ አየኝ። ሌላ ቃል አላስፈለገውም። ከዚያ የሚያደነዝዝ ጠብታ ተደረገለት፣ አገጩን መሣሪያው ላይ አስደግፎ ግፊቱ ተለካ፤ ቀኙ 34፣ ግራው 28። ቀጥሎ ጨለም ያለ ክፍል ገባ። አንድ ዓይኑ ተሸፈነ፣ እጁ ላይ ቁልፍ ተሰጠው። መሐል ላይ ያለችውን ነጥብ እያየ ዙሪያው ብልጭ የሚል ነገር ሲያይ መጫን አለበት። እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። መብራቶቹ ብልጭ ይላሉ፤ በቀኝ፣ በላይ፣ በታች። አባባ አይጫንም። ቁልፉ የተበላሸ መስሎኝ ነበር። መሐል ሲደርስ ቶሎ ቶሎ ጠቅ፣ ጠቅ አደረገ። ውጤቱ በወረቀት ወጣ። የቀኝ ዓይኑ ሥዕል ዙሪያውን ጥቁር ሆኖ መሐሉ ላይ የስኒ አፍ የምታህል ነጭ ቀርታለች።

በዚያች ነጭ ነው 26 ዓመት ክር ያስገባው ማለት አልችልም፤ መቼ እንደጀመረ የሚያውቅ የለም። ግን ክር ለማስገባት ከዚያች በላይ አያስፈልግም። እኛ የዓይኑን ጤና የምንለካው በሽታው በመጨረሻ በሚነካት ቦታ ነበር።

ግላኮማ ነው። ሐኪሟ እንዳስረዳችን ዓይን ውስጥ ያለማቋረጥ የሚመነጭ ውሃ አለ፤ እንባ አይደለም፣ ውስጥ ያለ ነው። የሚወጣበት ቀጭን መንገድ አለው። መንገዱ ሲጠብ ውሃው ይጠራቀማል፣ ግፊት ይፈጥራል፣ ከዓይን ጀርባ ወደ አንጎል የሚሄደውን ነርቭ ቀስ እያለ ይገድለዋል። ግፊቱ «ደህና» በሚባለው ልክ እያለ ነርቩ የሚጎዳበት ሰውም አለ፤ ለዚህ ነው ግፊት መለካት ብቻውን የማይበቃው፣ ነርቩም መታየት ያለበት። ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከዳር ነው። ደሴ መሐል ቆሞ ወደ ጦሳ የሚያይ ሰው ይታያችሁ። ተራራው በደንብ ይታየዋል። በግራና በቀኝ ያለው ሰፈር ግን የለም። እንደ ጨለማ ጠቆር ብሎ ቢታየው ይደነግጥ ነበር። አንጎል ግን ያንን ባዶ ቦታ ከሌላው ዓይንና ከግምት እያመጣ ይደፍነዋል። ስለዚህ የጎደለው ነገር እንዳለ አይታወቅም። ባጃጁ ከምንም ነው የሚመጣው።

«አያመኝም እኮ፣ ዶክተር» አለ አባባ።

«አባት፣ ክፋቱ እሱ ነው» አለችው።

በአማርኛችን «ዓይኑን ታመመ» ስንል ቀላ፣ አለቀሰ፣ ቆረቆረው ማለታችን ነው። ያሉን የበሽታ ስሞችም የሚታይ ወይም የሚሰማ ነገር ስሞች ናቸው። ማዝ ይቆረቁራል። ሞራ ብሌኑ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ዳፍንት የያዘው ልጅ ጀምበር ስታዘቀዝቅ የእናቱን ቀሚስ ይይዛል። (ዳፍንት በአብዛኛው የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። ለሕፃናት ከ6 ወር ጀምሮ እስከ 5 ዓመት በየ6 ወሩ የሚሰጠው ጠብታ ለዚሁ ነው፤ ካሮት፣ ጎመን፣ እንቁላል፣ ጉበትም ይረዳሉ።) ግላኮማ ግን ከነፈረንጅ ስሙ ቀረ። ሐኪሞቹ «የዓይን ግፊት» ይሉታል። አባባ ይህን ሲሰማ «ደም ግፊቴማ ደህና ነው፣ ባለፈው ወር ተለክቻለሁ» አለ። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ አንዱን መለካት ስለ ሌላው አይናገርም። ስም የሌለውን በሽታ ማን ይጠረጥራል?

ማዝን የማውቀው ከአያቴ ነው። የእማዬ እናት ኩታበር ገጠር ነው የኖረችው። አንገቷ ላይ በአንድ ማተቢያ ክታብና ወረንጦ አንጠልጥላ ነበር። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። ጎረቤቷ መጥታ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍቷን ትነቅልላታለች። ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ወሬውም አይቋረጥም፤ ማን አገባ፣ ማን ከማን ተጣላ። ልጅ ሆኜ የሴቶች ማስዋቢያ ይመስለኝ ነበር። አያቴ ግን «ሽፋሽፍቴ ዓይኔን ሲነካው እንደ እሾህ ነው» ትል ነበር። የተነቀለው ሲበቅል ደግሞ አጭርና ደረቅ ሆኖ ይብሳል።

ማዝ፣ ሐኪሞቹ ትራኮማ የሚሉት፣ በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። በዓይናር፣ በእጅ፣ አብረው በሚጠርጉበት ጨርቅ፣ በዝንብ ከልጅ ወደ ልጅ ይዞራል። አንዴ ቢይዝ አያሳውርም። ደጋግሞ ሲይዝ ግን የዐይን ቆብ ውስጠኛው ክፍል ጠባሳ ይይዛል፤ ጠባሳው ሲኮማተር ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፤ ሽፋሽፍቱ ዓይንን በእያንዳንዱ ጥቅሻ ይፍቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ 10 ሕፃናት ከ6 በላይ የሚሆኑት ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። ከስድስት በላይ! ሕፃን ታቅፈው የሚውሉት እናቶች ስለሆኑ የሽፋሽፍቱ መቀልበስም በሴቶች ላይ ይበዛል።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል። አዚትሮማይሲን የሚባለው መድኃኒት በየቀበሌው በዘመቻ ይታደላል፤ ሰው በዱላ ቁመቱ እየተለካ መጠኑ ይወሰንለታል። የተቀለበሰውን ቆብ መመለስም በጤና ጣቢያ የሚሠራ አጭር ቀዶ ሕክምና ነው። ጋና እ.ኤ.አ. በ2018 ትራኮማን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ማስወገዷን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላታል። እንግዲህ የሚቻል ነገር ነው። «ፊታችሁን ታጠቡ» የሚለው ምክር ብቻ አንዳንዴ ያናድደኛል። አያቴ ቤት ውሃ የሚቀዳው በጀሪካን፣ በቁልቁለት ተወርዶ፣ በዳገት ተወጥቶ ነው። ያቺን ውሃ ለወጡ ነው ለፊቱ? አያቴ በቀን አምስት ጊዜ ለሶላት ፊቷን የምትታጠብ፣ ውዱእ የምታደርግ ሴት ነበረች፤ ማዙ የያዛት ግን ሶላት ሳትማር፣ በሕፃንነቷ ነው። አንድ ዓይኗ ከነጣ በኋላ ነው ቀዶ ሕክምና ያገኘችው። ሁለተኛው ተረፈላት።

የአክስቴ ታሪክ ደስ ይላል። ሞራ ነው። «የሐረጎ ጉም ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ቀረ» ትለን ነበር። አራት ዓመት ጠበቀች፤ ሰው ሁሉ «ሞራው ይብሰል» አላት። ሞራ ማንጎ አይደለም። ዛሬ እስኪበስል አይጠበቅም፤ የዕለት ሥራ ሲያስቸግር ይወጣል። ጉሙ ያለው ዓይን ላይ አይደለም፤ ያቺ ራሷ ሌንሷ ደፍርሳ ነው። ስለዚህ በጠብታ አይጠራም፣ ተፍቆም አይለቅም። የደፈረሰችው ወጥታ በሰው እጅ የተሠራች ሌንስ ትተካለች። ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም፤ ዓይን ብቻ ይደነዝዛል። አክስቴ የተሠራችው ቦሩ ሜዳ ነው፤ ከደሴ ወጣ ብሎ፣ ዐፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ሜዳ ማለት ነው። በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ሲነሳላት ፊት ለፊቷ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። አየችኝ፣ አየችኝና «እንዴ! እንዲህ ሸብተሻል?» አለችኝ። ዋርዱ ሁሉ ሳቀ።

በዚያው ሀገር አቀፍ ጥናት ዓይነ ስውር ከነበሩት ሰዎች ግማሽ ያህሉ በሞራ ነበር። በጉም። ተነስቶ በማግስቱ በሚታይበት ነገር።

የአክስቴ ማየት ግን አባባን ሌላ ጥያቄ ውስጥ ከተተው። «ታዲያ የኔንም አያወጡትም?» አለኝ። ሚኒባስ ውስጥ ነበርን። በሕይወቴ ከከበዱኝ መልሶች አንዱ ነው። ሞራ የደበቀውን ብርሃን መመለስ ይቻላል፤ ግላኮማ የገደለው ነርቭ ግን አይመለስም። ጠብታውም፣ ሌዘሩም፣ ቀዶ ሕክምናውም የቀረውን ለመጠበቅ ነው። እንዴት ብዬ እንደነገርኩት ትዝ አይለኝም። ብዙ ዝም ብሎ ቆየና «የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም በይኛ» አለ። ልብስ ሰፊ አይደል? «የቀረውን አጥብቆ መስፋት ነው።»

ከዚያ የጠብታ ኑሮ መጣ። መጀመሪያ የታዘዘለት ቲሞሎል ነው። ሐኪሟ ከመጻፏ በፊት «አስም አለብዎት? ልብዎንስ ያምዎታል?» ብላ ጠየቀችው። በዓይን የገባ ጠብታ ወደ አፍንጫና ወደ ደም ይሄዳል፤ ይሄኛው አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥር፣ የልብ ምትንም ሊያዘገይ ይችላል። ይህን የሚጠይቅ ስንት ፋርማሲ አለ?

ጠብታ ማድረግ ቀላል ይመስላል። ሞክሩት። የመጀመሪያው ሳምንት ግማሹ ጉንጩ ላይ ነው የፈሰሰው። አሁን ሥርዓት አለው። እጅ ይታጠባል። ፍራሹ ላይ ጋደም ይላል። የታችኛውን ቆብ በጣቴ ወደ ታች ሳብ አደርገዋለሁ፣ ትንሽ ኪስ ትሠራለች። እዚያ ውስጥ አንድ ጠብታ፤ ሁለት አያስፈልግም፣ ሁለተኛው ትርፉ መፍሰስ ነው። የጠርሙሷ አፍ ዓይኑን አይነካም። ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ በአፍንጫው በኩል ያለችውን የዓይን ጥግ በጣቱ ለሁለት ደቂቃ ያህል ጫን ያደርጋል፤ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ። በኋላ ሁለተኛ ዓይነት ጠብታ ሲጨመርለት በመሐል አምስት ደቂቃ መጠበቅ መጣ። ያችን አምስት ደቂቃ ከጨፈነ አይቀር ዱዓ ያደርግባታል። እኔ ኮምቦልቻ ስሆን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። «ጨመርክ?» «ጨመርኩ።» አንዳንዴ ይዋሻል፤ ከድምፁ አውቃለሁ።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ አንድ ጠርሙስ ነበረው። ከአምስት ሳምንት በላይ ሌላ አልተገኘም። እማዬ ኋላ እንደነገረችኝ በየማታው ጠርሙሷን ወደ ብርሃን ይዞ የቀረውን ያይ ነበር። በቀን ሁለቴ የነበረውን አንዴ አደረገው፣ ቀጥሎ በሁለት ቀን አንዴ። ያኔ ማንም ስለ ዓይን አያወራም ነበር፤ በሕይወት መኖር ነበር ወሬው። በጥር ሲለካ ከግራው ዓይን እይታ ተጨማሪ ሄዷል።

ከመሥሪያ ቤቴ ፊት ለፊት አንድ ብየዳ ቤት አለ። ልጆቹ የፀሐይ መነጽር አድርገው ይበይዳሉ፤ ረዳቱ እሱም የለው፣ ፊቱን ብቻ ዞር ያደርጋል። የብየዳ ብልጭታ የሚያቃጥለው ያኔውኑ አይደለም። ሌሊት ነው፣ አሸዋ የተሞላ ያህል። በማግስቱ አንዱ ድንች ላጥ አድርጎ ያስቀምጥበታል፣ ሌላው የእናት ጡት ወተት ይጨምርበታል፤ ብረት የገባበት ደግሞ በክብሪት እንጨት ያስወጣል። ይህን ሳይ ዝም ማለት አልቻልኩም፣ ዛሬ «እትዬ ዓይን» ነው የሚሉኝ። እንዲህም ሆኖ የሚቆረቁር ነገር ጥሩ ጎን አለው፤ ሰው ይጮሃል፣ ይሄዳል። ኖራ ወይም በረኪና ቢገባ ሐኪም ቤት ከመሮጥ በፊት ብዙ ንጹሕ ውሃ እያፈሰሱ ቢያንስ 15 ደቂቃ ማጠብ ነው። ድንገት የደበዘዘ፣ ቀልቶ ያመመና ማስታወክ ያመጣ፣ እንደ መጋረጃ የወረደበት፣ ብልጭታ የበዛበት ዓይን ለነገ አይባልም። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ በደንብ እያየም ቢሆን በዓመት አንዴ የዓይኑን ጀርባ መታየት አለበት፤ እሱም ሳያምም ነው የሚያበላሸው።

ግላኮማ በዘር ይሄዳል። ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ያለበት ሰው ከሌላው የበለጠ ያሰጋዋል። እኔ በየዓመቱ እታያለሁ፤ እስካሁን ደህና ነኝ፣ ግን ሐኪሟ የግራ ነርቤን አይታ «ይቺን እንከታተላት» ብላለች። እህቴ ታይታለች። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ነው። ሦስት ዓመት ለመንኩት። «ምን ሆኜ? አያመኝም እኮ» ይለኛል። ድምፁ ቁርጥ አባባ ነው።

ባለፈው እሑድ ደሴ ነበርኩ። አባባ መኪናዋን ከአራዳ ወደ ቤት አምጥቷታል፣ የጎረቤት ልብስ ያጥፋል፣ ቁልፍ ይተክላል። መነጽሩን አድርጎ ክር ያስገባል፤ ያው በመጀመሪያው። እማዬ ቡና አቀረበች። አቦሉን ቀዳችና ስኒውን ፊት ለፊቱ ስታስቀምጥ ጫፏን ከረከቦቱ ጋር ቀስ አድርጋ አጋጨቻት። ቅጭል። የአባባ እጅ ወደ ድምፁ ሄደና ስኒውን አነሳ። ወሬያቸውን አላቋረጡም። መቼ እንደጀመሩት አላውቅም፤ አልጠየቅኩም።